ወገባችንን ይዘን ሥራችንን አንተው

(አራት ኪሎ በሚገኘው የእጅ ሥራ ክፍላችን፣ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ጡረታ የወጣች ነርስ አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። ያልተገኛችሁ እንድታነቡት በጥቂቱ አሳጥረን አትመነዋል።)



ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እየተናገርኩ ሳለ መቀመጥ የሰለቻት ብድግ ትበል። ግድግዳውን ተደግፋም ልትሰማኝ ትችላለች። አልቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ምክንያቱን እያደር ትረዱታላችሁ።

ሊቀመንበራችን ስለ ወገብ ሕመም ንገሪን ያለችኝ ያለ ነገር አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ ክፍል ተሰብስበን ስንፈትል፣ ስፌት ስንሰፋ፣ ስንጠልፍ ብዙ ዓመት ሆኖናል። ማንም አላስገደደንም፤ እንጀራችንም አይደለም። አንዷ ለልጇ ጋቢ የሚሆን ማግ ትፈትልና ሽሮ ሜዳ ላለው ሸማኔ ትሰጣለች። ሌላዋ የእናቷን ሞሰብ አስመስላ ለመስፋት ሁለት ዓመት ታግላለች። ግማሹ ሥራ ወሬ ነው፤ ግማሹ ወሬ ደግሞ መድኃኒት ነው። ከመስከረም ወዲህ ግን ሦስት ቦታ ባዶ ሆነ። ሦስቱንም እቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ሰለቸኝ» ያለችኝ የለችም። ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው ወገባቸውን ያዙ። አንደኛዋማ እንዝርቷን ለልጅ ልጇ መጫወቻ ሰጥታዋለች። «ከእንግዲህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። የዛሬው ንግግሬ ለእሷ ነው። እናንተም ስታገኟት ንገሯት።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ የጓሮዬን መሬት ላዘጋጅ ተነሳሁ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ በሶብላ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጤና አዳም አለኝ። ጓሮ አልኩት እንጂ ከሁለት ምንጣፍ አይበልጥም። ሆኖም ክረምቱንና በጋውን ሙሉ ከቢሮ ወንበር ሳልነሳ የከረምኩ ሰው፣ ያን ቀን ጠዋት ከአልጋዬ እንደወረድኩ ዶማ ያዝኩ። እስከ እኩለ ቀን ቀና አላልኩም። «ይቺን ልጨርስና»፣ «ይቺን ልጨርስና» እያልኩ ቆየሁ። በመጨረሻ ፍግ የሞላ ማዳበሪያ ከበሩ ወደ ጓሮ ላዛውር ጎንበስ ብዬ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ወደ ጎን እየዞርኩ አነሳሁት። ከዚያ ቀና ማለት አቃተኝ። ልጄ ደግፋ አስገባችኝ።

አልጋ ላይ ዋልኩ። ሰው ሁሉ «ተኚ፣ አትንቀሳቀሺ፣ ፍራሹን መሬት ላይ አውርዱላት» አለ። ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት እኔም ለስንት ሰው «ዝም ብለሽ ተኚ» ብያለሁ! ሦስት ሳምንት ተኛሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ እንዳለ ሆኖ እግሬ ደከመ፣ ሆዴ ደረቀ፣ መንፈሴ ወደቀ። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ፈራሁ። ከአልጋ ያስነሳችኝ አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ገና ስታየኝ «እማማ፣ ወገብዎ አልተሰበረም። የፈራ ጡንቻ ነው። ይነሱና እስከ በሩ አብረን እንሂድ» አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ፣ በማግስቱ እስከ አጥሩ ሄድን። በአሥረኛው ቀን ባእታ ደርሼ ተሳልሜ መጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያልተማርኩትን ለመማር ተቀመጥኩ። መቀመጥ አልኩ እንጂ እየተነሳሁ ነው ያነበብኩት። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ወገባችን አምስት ትልልቅ አጥንቶች ናቸው። በየመካከላቸው ዲስክ የምንለው ለስላሳና ውሃ የቋጠረ ትራስ አለ። ዙሪያውን ጅማትና ጡንቻ ከፊትም ከኋላም ደግፈው ይዘውታል። የሰው ልጅ በሁለት እግሩ ቆሞ መሄድ ከጀመረ ወዲህ የላይኛው አካላችን ክብደት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ከዚህ በእግር ጥቂት ወጣ ብሎ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም የምትገኘው ድንቅነሽ እንኳ፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቆማ ትሄድ የነበረች ናት። አጥንቷን የመረመሩ ሰዎች በጀርባዋ አከርካሪ ላይ የሕመም ምልክት ማየታቸውን ጽፈዋል። እንግዲህ የጀርባ ነገር ከእኛ አልጀመረም፤ ማፈር አያስፈልገንም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2020 በታችኛው ወገባቸው ሕመም የተቸገሩ ሰዎች 619 ሚሊዮን ነበሩ። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል።

ሊያስደነግጠን የማይገባው ነገር ግን ይህ ነው። ካንድ መቶ የወገብ ሕመምተኞች ወደ ዘጠና በሚሆኑት ላይ ይህ ተሰበረ፣ ይህ ተበላሸ ተብሎ የሚነገር ነገር አይገኝም። ጡንቻና ጅማት ተቆጥቶ ነው፤ ይበርዳል። «ኤም አር አይ ተነስቼ ዲስክ አለብሽ ተባልኩ» ብላችሁ የምታለቅሱ አላችሁ። ምንም ሕመም የሌላቸው የሃምሳ ዓመት ሰዎች ቢነሱ ካንድ መቶ ስድሳው ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይታያል። እንደ ፀጉር ሽበት ነው። ሽበት አለብሽ ብትባሉ አልጋ ላይ ትተኛላችሁ?

ታዲያ ወገባችንን የሚያስቆጣው ምንድን ነው? ሥራው አይደለም። ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በአንድ አኳኋን ብዙ መቆየትና ሸክምን ከሰውነት አርቆ ማንሳት። እ.ኤ.አ. በ1999 ጀርመን አገር ያሉ ተመራማሪዎች በአንድ ፈቃደኛ ጤነኛ ሰው የወገብ ዲስክ ውስጥ ትንሽ መለኪያ ከትተው ቀኑን ሙሉ ለኩት። ሰውዬው 20 ኪሎ ሸክም ጀርባውን አጉብጦ ሲያነሳ፣ በዲስኩ ላይ ያረፈው ጫና ዝም ብሎ ከመቆም አራት እጥፍ ተኩል በላጠ። ያንኑ ሸክም ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሳ ወደ ሦስት እጥፍ ተኩል ወረደ። ካነሳ በኋላ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሲይዘው ከሁለት እጥፍ ጥቂት ከፍ ያለ ሆነ። ክንዱን ዘርግቶ ከደረቱ ሲያርቀው ደግሞ እንደገና ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ወጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ 20 ኪሎ ማለት ውሃ የሞላ አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው። በየቀኑ የምናነሳው ዕቃ! በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአካባቢዋ ተነስታችሁ ኮንዶሚኒየም የገባችሁ አባሎቻችን፣ ውሃ ሲጠፋ ይህንኑ ጀሪካን ደረጃ ለደረጃ ታወጣላችሁ። በረንዳ ላይ ለተከላችሁት ጎመንም እሱው ነው የሚጠጣው።

ስለዚህ ስታነሱ ወደ ዕቃው ተጠጉ፤ እግራችሁን ከፈት አድርጉ፤ ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ዕቃውን ከሆዳችሁ አስጠግታችሁ ተነሱ። መዞር ካለባችሁ በወገባችሁ ሳይሆን በእግራችሁ ዙሩ። ከሁሉ በላይ ግን አሳንሱት። አንድ 20 ሊትር ከመሸከም በግራና በቀኝ አምስት አምስት ሊትር ይዞ ሁለት ጊዜ መመላለስ ይሻላል። ፍግም ሆነ አፈር ማዳበሪያውን ሙሉ አታንሱ፤ በባልዲ ቀንሳችሁ ውሰዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? እኔ ያን ግንቦት ሃምሳውንም ሎሚ ብቻዬን ልሸከም ብዬ ነው የወደቅኩት። ልጄ እቤት ነበረች፤ አልጠራኋትም። እኛ ሴቶች ሰው መጥራት ሽንፈት ይመስለናል።

ያው ጥናት ያሳየው ሌላም ነገር አለ። ሌሊት ተኝተን ሳለ ዲስካችን ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ጠዋት ስንነሳ ወገባችን የሚደርቀው በከፊል በዚህ ነው። ስለዚህ ከአልጋ ወርዶ ወዲያው ዶማ መያዝ አይገባም። መጀመሪያ ቤት ጥረጉ፣ ቁርስ ብሉ፣ ወዲህ ወዲያ በሉ። አንድ ሰዓት ቢያልፍ ጥሩ ነው። ከዚያ ወደ ጓሮ።

አሁን ወደየሙያችን ልምጣ።

ከስፌት ልጀምር። ዱካ ላይ ቁጭ ብለን፣ ጉልበታችን ከወገባችን በላይ ከፍ ብሎ፣ አንገታችንን ደፍተን፣ በወስፌ እየወጋን አክርማውን እናስገባለን። አለላው ሐረግ ሲያወጣ ደግሞ ዓይናችንን ማንሳት ያሳሳናል። ዱካ ከፍታው ዝቅ ያለ ስለሆነ ወገብን ያጎብጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጉልበታችሁ ከዳሌያችሁ ዝቅ የሚልበት ወንበር ፈልጉ። ከጀርባ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ነጠላ አድርጉ። ስፌቱን እናንተ ወደ እሱ ከመውረድ እሱ ወደ እናንተ ይውጣ፤ ጭናችሁ ላይ ትራስ አድርጋችሁ አስቀምጡት ወይም ጠረጴዛ ላይ አኑሩት። ብርሃን በሚገባበት መስኮት ሥር ተቀመጡ። መነጽር የሚያስፈልጋችሁም አድርጉ። ብዙ ጊዜ ወገብ የሚጎብጠው ዓይን ስላላየ ነው።

ፈትል ከስፌት ይሻላል፤ እጅ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሰውነት ይንቀሳቀሳል። ግን ሁልጊዜ በአንድ ጭን ላይ እንዝርት እያሾርን፣ ወደ አንድ ጎን ተጣምመን እንውላለን። የተቀመጣችሁበትን አቅጣጫ ቀያይሩ። ከፈትሉ ይልቅ የሚጎዳው ጥጡን መዳመጥ ነው፤ ድንጋዩ መሬት ላይ፣ እኛ በላዩ ተደፍተን። ድንጋዩን ጠንካራ ሣጥን ወይም ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ብታደርጉት፣ ያው ሥራ ያለ መደፋት ይሠራል። አያቶቻችን አላደረጉትም ትሉኝ ይሆናል። አያቶቻችን ወገባቸውን ይዘው እንደነበርም አስታውሱ።

ጓሮ ላይ ጎንበስ ብሎ መቆየት ነው ጠላታችን። ተክሉን ከፍ አድርጉት። ጆንያ አፈር ሞልታችሁ ጎኑን በየቦታው ቀዳድታችሁ ጎመን ብትተክሉ፣ ቆማችሁ ትለቅማላችሁ። አሮጌ ሣፋ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሣጥን፣ ሁሉም ይሆናል። የመኮትኮቻችሁን እጀታ በረጅም እንጨት አስለውጡ፤ የእንጨት ሥራ የሚያውቅ የሰፈር ልጅ ይሠራዋል። መሬት ላይ መሥራት ግድ ከሆነ አንድ ጉልበታችሁን ምንጣፍ ላይ አንበርክካችሁ በአንድ እጃችሁ ተደገፉ። እግሩንም ቀያይሩ።

ሁሉንም ብትረሱ አንድ ነገር አትርሱብኝ። ቡና እንዴት ነው የምንጠጣው? አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ቀድቶ የሚጠጣ የለም። ሥራችሁንም እንደዚያ አድርጉት። አቦል ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ሥሩ። ተነሱ። እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አምስት ጊዜ ወደ ኋላ ለጠጥ በሉ። ውሃ ጠጡ፣ በሩን ክፈቱ፣ ድስቱን እዩ። ከዚያ ቶና። እንደገና ተነሱ። ከዚያ በረካ። ከበረካ በኋላ ለዛሬ በቃ፤ የቀረውን ነገ። «ይቺን ልጨርስና» የሚለው ቃል ነው ሁላችንንም የሚጥለን። ሞሰቡ አይሸሽም።

ይህን ጥበብ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ አባቶችና እናቶች ያውቁታል። ያን ሁሉ ሰዓት ሲቆሙ መቋሚያቸውን ይደገፋሉ፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይቀይራሉ፤ ግድግዳ ይጠጋሉ። እንደ ሐውልት ደርቆ የሚቆም የለም። በሌላ በኩል የስቅለት ዕለት ምን እንደሚሆን ታስታውሱ የለም? ዓመቱን ሙሉ ያልሰገደ ሰው በአንድ ቀን ስንቱን ሰግዶ፣ ቅዳሜ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ሙስሊም እህቶቻችን ደግሞ በየቀኑ አምስት ጊዜ ጎንበስ ቀና፣ ቁጭ ብድግ ይላሉ። ልዩነቱ ልማድ ነው። ሰውነት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚሰጠውን ይለምዳል። ድንገት የሚመጣበትን ይፈራል።

አሁን ደግሞ ከያዛችሁ በኋላስ?

መጀመሪያ፣ አልጋ አትውደዱ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ የሄልሲንኪ ጥናት ድንገት ወገባቸውን የያዛቸውን የከተማዪቱን ሠራተኞች በሦስት ከፈላቸው። አንደኛው ቡድን ሁለት ቀን ተኛ፤ ሁለተኛው የተለየ የወገብ እንቅስቃሴ ሠራ፤ ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዘወትር ኑሮውን ቀጠለ። ቶሎ የዳነው ሦስተኛው ነው። የተኙት ወደ ኋላ ቀሩ። እነሱ የተኙት ሁለት ቀን ነው፤ እኔ ሦስት ሳምንት! ስለዚህ በጣም ሲጸናባችሁ ጥቂት ጋደም በሉ፤ በጀርባችሁ ሆናችሁ ከጉልበታችሁ ሥር ትራስ አድርጉ፣ ወይም በጎን ሆናችሁ በጉልበታችሁ መካከል። ግን በየሰዓቱ ተነሱ። ስትነሱ ቀጥ ብላችሁ አትነሱ፤ ወደ ጎን ተገልበጡ፣ እግራችሁን አውርዱ፣ በክንዳችሁ ተገፍታችሁ ቀና በሉ።

ሙቀት ይረዳል። ሙቅ ውሃ በጎማ ከረጢት፣ ከሌለም በሙቅ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል። እንዳያቃጥላችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ስኳር ያለባችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ቆዳ ሙቀቱን ላያውቀው ይችላል።

መድኃኒትን በሚመለከት፣ ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዛችሁ ወር ከወር የምትውጡ አላችሁ። ለጥቂት ቀን ይረዳል። ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ጨጓራ፣ ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ከሚመክራቸው መካከል እንቅስቃሴ፣ ትምህርትና እንደ ማሳጅ ያሉ የእጅ ሕክምናዎች ይገኛሉ። ስለዚህ ቀስ ብሎ መታሸት ክፉ አይደለም። ወጌሻ ጋ ሄዶ ወገብን በኃይል ማስጠምዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይቅርባችሁ። ይኸው መመሪያ የወገብ ቀበቶን እንደ ሕክምና አይመክርም። መቀነታችሁን ለጌጥ ታጠቁት፤ ለወገባችሁ ግን እውነተኛው መቀነት የሆድና የጀርባ ጡንቻችሁ ነው። እሱን ማጥበቅ የሚቻለው ደግሞ በመንቀሳቀስ ነው።

እንቅስቃሴው ከባድ አይደለም። ሦስት ላሳያችሁ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ዳሌያችሁን ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉና አምስት እስክትቆጥሩ ያዙ፤ አሥር ጊዜ። በእጅና በጉልበታችሁ ሆናችሁ ጀርባችሁን እንደ ድመት ወደ ላይ አጉብጡ፣ ከዚያ ወደ ታች አርግቡት፤ አሥር ጊዜ። ሦስተኛውን ነግሬአችኋለሁ፤ ቆማችሁ ወደ ኋላ ለጠጥ ማለት። ሕመሙ ወደ እግራችሁ የሚወርድ ከሆነ ያንን አቁሙና ባለሙያ ጠይቁ።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ መራመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት በቅርቡ ከወገብ ሕመም የዳኑ 701 ሰዎችን ተከታተለ። ቀስ በቀስ እየጨመሩ በሳምንት አምስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት መራመድ ከጀመሩት መካከል የግማሾቹ ሕመም እስኪመለስ 208 ቀን ወሰደ። ካልተራመዱት መካከል 112 ቀን። መራመድ ገንዘብ አይጠይቅም። ከአራት ኪሎ ሐውልት ተነስቶ ሽቅብ እስከ ስድስት ኪሎ ሄዶ ቁልቁል መመለስ በቂ ነው። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ወሬው ዳገቱን ያስረሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እኛም እንሄዳለን።

አሁን ፊቴን ኮስተር ላድርግ። ከመቶ ዘጠናው ይበርዳል ብያችኋለሁ። የቀረው ግን አይቀለድበትም። የሚከተሉት ከታዩባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ። በጭናችሁ መካከል፣ በመቀመጫችሁ አካባቢ መደንዘዝ፤ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል ወይም ሽንት እምቢ ማለት፤ እግር እየሰነፈ መሄድ። እነዚህ የሰዓታት ጉዳይ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ቢተኙም ቢነሱም የማይለወጥና ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ቀድሞ ካንሰር ያለበት ሰው፣ ወይም የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ በትንሽ መውደቅ የጀመረ ሕመም።

ይህን የምለው እንዲሁ ከመጽሐፍ አይደለም። ማንነቷን ሳልናገር፣ አንዲት ጎረቤቴ ወራት ሙሉ «ልብስ ማጠብ ነው የጎዳኝ» እያለች ቅቤ ስትታሽ፣ ጸበል ስትጠመቅ ቆየች። ማታ ማታ አንሶላዋ በላብ ይርሳል፤ ልብሷ ሰፋባት። «ጾም ነው» ትላለች። በኋላ ሲመረመር የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ቲቢ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አጥንትም ይይዛል፤ ሳል ላይኖረው ይችላል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ ለብዙ ወራት ሳያቋርጡ መዋጥ ነው። እሷ ዛሬ ቆማ ትሄዳለች። ጸበሏንም አልተወችም፤ ሁለቱን አስማማቻቸው። ሌላ ጥቂት ወር ቢዘገይ ግን እግሯን ታጣ ነበር። የሴት ወገብ ሁልጊዜ «ከሥራ ብዛት ነው» እየተባለ ይታለፋል። እኛም ራሳችን እንደዚያ ብለን እናልፈዋለን። አይለመደን።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል ልበል። ዞር ብላችሁ ይህን ክፍል እዩት። ያሉን ዱካዎች፣ በርጩማዎችና አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ናቸው። ከዓመት ዓመት ክርና አለላ ስትገዙልን እግዚአብሔር ይስጥልን ብለናል። ዘንድሮ ግን ከክሩ በፊት መደገፊያ ያላቸው ጥቂት ወንበሮችና ቆመን የምንሠራበት ከፍ ያለ ጠረጴዛ እንለምናችኋለን። አዲስ መሆን የለበትም። ከቢሮ የተጣለ ወንበርም ቢሆን እንጠግነዋለን። ክር ያለ ሰው ምን ይሠራል?

ለማኅበራችንም ሐሳብ አለኝ። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ አንዳችን ሰዓት ትያዝ። በግማሽ ሰዓት አንዴ «አቦል!» ብላ ትጮህ፤ ሁላችንም ብድግ እንበል። «ቶና!» ስትል እንደገና። አንዲት ሙዚቃ ከፍተን ትከሻችንን ብንነቀንቅም ማን ይከለክለናል? እስክስታም እኮ ጀርባን ያፍታታል።

ያቺ እንዝርቷን የሰጠችውን እህታችንን ባለፈው ሳምንት እንደገና ሄጄ አየኋት። ከልጅ ልጇ እጅ አስመልሳዋለች፤ ጫፉ ትንሽ ተሰባብሯል። «ግማሽ ሰዓት ብቻ ከሆነ እመጣለሁ፤ የምደገፍበት ካለ» አለችኝ። አለ ብያታለሁ። አሁን ውሸታም እንዳታደርጉኝ፤ ያንን የጥግ ወንበር ማንም አይቀመጥበት።

 የተቀመጣችሁ አሁን ተነሱ፣ ቡናው ደርሷል። ወገባችሁን ጤና ያድርግላችሁ።